ነፋስ ያለበት ሳምንት

ሳልቮር የዚያን ዓመት የበጋ ዕረፍት ማቀድ የጀመረችው በጥር ነው፤ ፀሐይ ለስሙ ያህል ብቅ ብላ በምትመለስበት ወር። በዚህች የሰሜን ደሴት አገር፣ በአክራኔስ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣና ድንች ስትቀቅል የኖረች ሴት ናት። የሠራተኛ ማኅበሯ በየገጠሩ የዕረፍት ቤቶች አሉት፤ አባላቱ በነጥብ ይሻሙባቸዋል፤ የበጋቸው እምብርት ከሆነው ከሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት ማግኘት ማለት ዕጣ እንደ መውጣት ነው። እሷ ስድስት በጋ የትም ሳትሄድ ነጥቧን አጠራቅማ አጠራቅማ፣ በዚያ ጥር ያላትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አፈሰሰችው። ይህን ያስደረጋት የአባቷ ዓይን ነው።

አባቷ ኦግሙንዱር ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ አገር አንቱታ ከቀረ ቆይቷል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ነው፤ ስለዚህ እኔም ለእሱ ብዬ አዲስ ነገር አላመጣም። አርባ ዓመት የዓሣ መርከብ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በልጁ ቤት የታችኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ነው። የቀኝ ዓይኑ መሐል ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ግራውም ተከትሎታል። ዳር ዳሩን ያያል እንጂ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ግራጫ ጉም ነው። የግድግዳውን ሰዓት ለማየት በሩን ያያል፤ ልጁን ሲያናግር ጆሮዋን ያያል። የዓይን ሐኪሟ የቀረችው እይታም ብትሆን እስከ መኸር ይበልጥ እንደምትደበዝዝ ሳትሸፋፍን ነግራዋለች።

ኦግሙንዱር የተወለደው በምዕራብ ወሽመጦች የባሕር ዳር ገጠር፣ ብሬካ በሚባል ዛሬ ሰው በማይኖርበት የእርሻ ቤት ነው። ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል አንዲት ቀጭን ፏፏቴ ትወርዳለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቀን እናቱ ውሃ ቅዳ ብላ ባልዲ አስይዛ ላከችው። ደቡብ ነፋስ የቤቱን ጣራ ሊነቅል ምንም አልቀረውም ነበር። ከገደሉ ሥር ሲደርስ ውሃ የለም፤ ድንጋዩ ደርቋል። ቀና ሲል ውሃው ከአፋፉ ብቅ እያለ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ አንዲት ጠብታ መሬት አትነካም። ባልዲውን ይዞ ሲመለስ እናቱ «ባዶውን መጣህ?» አለችው። «ውሃው ወደ ላይ ሄዷል» አላት። ስትጫወት ውለህ ነው ብላ በጥፊ አጮለችው። ነፋሱ ጋብ ሲል እሷ ራሷ ሄዳ ባልዲውን ግጥም አድርጋ ሞልታ ተመለሰች፤ የልጁ ውሸታምነትም በዚያው ተረጋገጠ። በዓመቱ ቤተሰቡ ብሬካን ለቆ ወጣ፤ ኦግሙንዱርም ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ወሰደውና ተመልሶ አላየውም።

ይህን ታሪክ አክራኔስ ውስጥ ያልሰማ የለም። ጡረተኞቹ ጠዋት ጠዋት በከተማው መዋኛ ሙቅ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው አገር ሲያስተዳድሩ፣ ወሬ ያለቀ ዕለት ኬቲል የኦግሙንዱርን ፏፏቴ ያነሳል። ኬቲል የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረ፣ ዛሬም ያገኘውን ሁሉ ማረም የማይተው ሰው ነው። ነፋስ ፏፏቴን እንደሚበትን ማንም ያውቃል ይላል፤ ግን ጠብታ ሳይቀር፣ ድንጋዩ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ላይ የሄደ ውሃ በታሪክም በሳይንስም የለም። ከዚያ ወደ ኦግሙንዱር ዞሮ ያቺ ውሃ ዛሬ የት ደርሳ ይሆን፣ ጨረቃን አልፋ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው ይስቃል። ኦግሙንዱርም አብሮ ይስቃል፤ ሳልቮር ግን ጆሮው ሲቀላ ብዙ ጊዜ አይታዋለች።

በጥር ታዲያ ሐኪሟ ዘንድ ደርሰው ሲመለሱ፣ መኪናው ውስጥ፣ «ብሬካን አንድ ጊዜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥሩ አየር ሲሆን» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሳልቮር ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ማኅበሩ ከብሬካ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ቤት ነበረው። ለሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት አመለከተች፤ ወጣላት።

ከዚያ ወዲህ የማቀዱ ነገር ሥራዋ ሆነ። ካርታውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእርሳስ መሥመር ታሰምርበታለች፤ አባቷ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ነዳጅ የሚቀዱበትን፣ ሆትዶግ የሚበሉበትን ሳይቀር ጽፋለች። ለእሱ ወፍራም ሹራብ ታጥቦ፣ የደረቀ ዓሣና ቅቤ፣ የተጨሰ የበግ ሥጋና ቂጣ በዝርዝር ተይዟል። ሐምሌ ሲገባ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ፣ ነፋስ አልባ፣ ሃያ ዲግሪ የሚል ትንበያ ወጣ። በዚህ አገር ሰው ዕረፍቱን የሚያቅደው በአየሩ ነው፤ ምሥራቁ ፀሐይ ካለው አገሩ በሙሉ ተጎታች ቤቱን እየጎተተ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል። ሳልቮር ግን ከስድስት ወር በፊት በጭፍን የመረጠችው ቦታ ላይ ፀሐይዋ መጥታ ቁጭ አለችላት። ሙቅ ገንዳው ውስጥ ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አላት። ኬቲል ሳይቀር ተነሥቶ እጇን ጨበጣት።

ኦግሙንዱር ብቻ ፊቱን አጠቆረ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ምሳ ላይ ቂጣውን ሦስት ጊዜ ገለባብጦ አልቀመሰውም።

«አባባ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም አትበለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፈሃል።»

«ነፋስ የለውም» አለ፣ ጆሮዋን እያየ።

«ምኑ?»

«ትንበያው። ሳምንቱን ሙሉ ሽው የሚል ነገር የለውም።»

«ይኼማ ነው ጥሩ አየር ማለት።»

«ለማን?» አለ ኦግሙንዱር።

ሳልቮር ሹካዋን አስቀመጠች። አባቷ እጁን ጠረጴዛው ላይ እያሸ ቀስ ብሎ አስረዳት። ነፋስ በሌለበት ቀን ያቺ ፏፏቴ እንደ ማንኛዋም ፏፏቴ ወደ ታች ነው የምትወርደው። ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ለማየት አምስት ሰዓት መንዳት አያስፈልግም፤ የቧንቧውን ውሃ መክፈት ይበቃል። ጥሩ አየር ሲላት ነፋስ ማለቱ ነበር፤ ያውም ደቡብ ነፋስ፣ ያውም ሰው የሚጥል።

ደሟ ፈላ። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ነጥብ፣ ስድስት ወር ያሰመረችው ካርታ በዓይኗ ላይ ዞረ። በጥር ምን አፍህን ያዘው ብላ ጮኸችበት። እሱም ነግሬሻለሁ እኮ፣ ጥሩ አየር ሲሆን ብዬሻለሁ እኮ ብሎ ድርቅ አለ። አገሩን ሙሉ ብታዞረው ጥሩ አየር ሲባል ዐውሎ ነፋስ የሚመስለው አንድ ሰው አታገኝም፤ ያ አንድ ሰው የእሷ አባት መሆኑ ነው ያንገበገባት። ሳህኖቹን ሰብስባ እያንኳኳች ማጠብ ጀመረች።

«ሳልቮር» አለ ከኋላዋ። ድምፁ ወርዷል። «እኔ አሁን አላውቅም።»

«ምኑን?»

«አይቼው ይሁን ፈጥሬው። ሰባ ስድስት ዓመት ሳወራው ኖርኩ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ወሬው ነው፤ ውሃው አይመጣልኝም። ኬቲል ይሳቅ፣ ለሱ ግድ የለኝም። ግን እናቴ እውነቷን ቢሆንስ? ስጫወት ውዬ ቢሆንስ? ይቺ ዓይን ሳትሄድ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሳልቮር እጇ አረፋ እንደያዘ ቆመች። አባቷን ከጥፊው ጋር፣ ከባልዲው ጋር፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አድርጋ ያየችው በዚያች ደቂቃ ነው። እጇን ጠርጋ ማኅበሩ ቢሮ ደወለችና ቤቱን መለሰች። የቢሮው ሴት በስልክ አየሩ ስላልተስማማችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዎ፣ ፀሐይ በዛ አለቻት። ሴትዮዋ እንደገና ጠየቀቻት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዕቅድ አንድ ወረቀት ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ቀኑ ባዶ ተትቷል፤ ከሥሩ «ደቡብ ነፋስ፣ በሰከንድ ከሃያ ሜትር በላይ፣ ዝናብ የሌለው» ተብሎ ተጽፏል። ከብሬካ አንድ ወሽመጥ ወዲህ ያለች የእርሻ ባለቤት በመጡበት ቀን አልጋ እንደማታሳጣቸው በስልክ ቃል ገባች። ሻንጣዎቹ በሩ ሥር ተደረደሩ፤ ከላያቸው ኦግሙንዱር ራሱ ከዕቃ ቤት ያመጣው ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ስንሄድ ታያለሽ አላት። ሳልቮር የቀራትን ዕረፍት ቀን በቀን ቆርጣ አስቀመጠች፤ ትምህርት ቤቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲከፈት ማንም ወጥ ቤት የሚገባላት የለም።

ነፋሱ ግን ቀረ። በሃምሳ ዓመት አልታየም የተባለለት በጋ ሆነ። ሰዉ ቆዳው ተልጦ፣ አይስክሬም ይዞ ጎዳና ላይ ይንገላወዳል፤ ማዶ ያለው ባሕር ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኝቷል። በከተማው ሁሉ ፊታቸው የተኮማተረ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኦግሙንዱር በየማለዳው ጣቱን ልሶ ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ ሳልቮር በየሰዓቱ ትንበያውን ታያለች። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሙቅ ገንዳው ደረሰና መሳቂያ ሆኑ። ኬቲል ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲያሳድድ እነዚህ ዐውሎ ያሳድዳሉ፣ ስታገኙት ሰላም በሉልኝ ይል ጀመር።  ሳልቮር በልቧ ግን ሌላ ነገር ወስናለች፤ የሆነው ቢሆን፣ ውሃው ወደ ታች እንኳ ቢወርድ፣ ወደ ላይ ሄደ ብላ ትነግረዋለች። እሱ አጥርቶ አያይም፤ ማን ያጋልጣታል?

ትምህርት ቤት ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ትንበያው ተለወጠ። ሐሙስ፣ በምዕራብ ወሽመጦች፣ ደረቅ ደቡብ ነፋስ፣ በሰከንድ ሃያ ሦስት ሜትር። ቢጫ የዐውሎ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ተጎታች ያለው እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ሳልቮር ለአባቷ ስታነብለት ሁለቴ አስደገማት።

ረቡዕ ማታ በሩ ተንኳኳ። ኬቲል ነበር፤ የአሮጌ ጂፑን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። ያቺ ትንሽ መኪናሽ ከወሽመጡ ሳትደርስ ጨረቃ ላይ ታርፋለች፤ ይኼ ግን ሁለት ቶን ነው፤ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገሽ አቁሚ፣ በሩን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ክፈቺ፣ አለዚያ ነቅሎ ይወስደዋል ብሎ አዘዛት። ኦግሙንዱር አመሰገነው። ኬቲል በሩ ላይ ትንሽ ቆየና «እውነት ከሆነ እኔም ማወቅ አለብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ውሃ ወደ ላይ አይሄድም እያልኩ አስተምሬያለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ መንገዱ ላይ ከፊታቸው የሚመጣው ሁሉ የሚሸሽ ነበር። ተጎታች ቤት ከተጎታች ቤት ተያይዞ፣ ልጅና ድንኳን አጭቆ፣ ዕረፍተኛው ሁሉ ከወሽመጦቹ እግሬ አውጪኝ ይላል። ወደዚያ የሚሄዱት እነሱ ብቻ ናቸው። አንዱ ሾፌር መብራቱን አብርቶ አጥፍቶ ተመለሱ ሲል ምልክት ሰጣቸው፤ ኦግሙንዱር ምን አለ አላት፤ መልካም ዕረፍት አለን ብላ መለሰችለት። ነዳጅ ማደያ ቆመው ሆትዶጋቸውን በሉ። ሽማግሌው ሰናፍጭ አገጩ ላይ ሳይቀር ቀብቶ ሁለት ጨረሰ፤ እንደዚያ ሲበላ ካየችው ወራት ሆኗታል።

ብሬካ ሲደርሱ ከቤቱ የቀረው ሣር የበቀለበት የድንጋይ መሠረት ነበር። ጂፑ ቆሞ ይወዛወዛል። ወሽመጡ በማዕበል አረፋ ነጭ ሆኗል። ሳልቮር መሪውን እንደያዘች በመስኮቱ አንጋጣ ወደ ገደሉ አየች።

«አትንገሪኝ» አለ አባቷ ወዲያው።

«ምንም አላልኩም።»

«እንዳትዪም። አንቺ ለእኔ ብለሽ ትዋሺያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ገና በሐምሌ ነው የወሰንሽው።»

ሳልቮር ፊቷ ጋለ። ኦግሙንዱር አንገቱን ወደ ባሕሩ አዞረ፤ ባሕሩን አይደለም የሚያየው፤ ገደሉን በግራ ዓይኑ ጥግ ለመያዝ ነው። እንደዚያ ብዙ ቆየ። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ አለ፤ ዓይኑን አሸት አደረገ።

«ነጭ ነገር አለ፤ ይንቀሳቀሳል» አለ በመጨረሻ። «ወዴት እንደሆነ ግን አልይዘው አለኝ።»

 ሳልቮር ቃሉ አፏ ድረስ መጣባት፤ ግን ከልክሏታል። ኦግሙንዱር ከኋላ ወንበር ባልዲውን ስቦ ጭኗ ላይ አስቀመጠው።

«ከሥሯ ውሃ ያለሰለሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ አስቀምጪና ይዘሽ እስከ ሦስት መቶ ቁጠሪ። ባልዲው አይዋሽልኝም።»

በሩን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ነፋሱ ጉልበቷን መታትና ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መንገድ ሣሩን እየጨበጠች በእንብርክክ ሄደች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባልዲ ታቅፋ በገደል ሥር ስትድህ ራሷን ታዘበችና ብቻዋን ሳቀች። ድንጋዩን አገኘችው። ባልዲውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ተጭና መቁጠር ጀመረች፤ ቀና ያለችው መቶ ላይ ስትደርስ ነው። ከአናቷ በላይ ውሃው ከአፋፉ ጫፍ ይወጣል፣ አንድ ክንድ ያህል ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ነፋሱ ይቀበለውና ገልብጦ ወደ መጣበት ይወስደዋል። እስከ ሁለት መቶ አየችው። ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ስትመለስ ጸጉሯ ቆሞ፣ ዓይኗ እያነባ ነበር። በሩን እንደ ምንም ዘግታ ባልዲውን ሳትናገር ሰጠችው። ኦግሙንዱር እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ጣቶቹን በወለሉ አዞረ፤ ሞተር ሲፈትሽ እንደኖረው ዳር ዳሩን፣ የመያዣውን ሥር፣ ስንጥቅ የምትመስለውን ሁሉ ዳሰሰ። ያገኘው አንድ የደረቀ ሣር ብቻ ነው። ሣሩን በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ውጪ ነፋሱ ጂፑን ይወዘውዛል። እንባው በሁለቱም ጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«ባዶውን መጣሽ?» አላት።

ሳልቮር እጁን ያዘች።

«ውሃው ወደ ላይ ሄዷል» አለችው።

ኦግሙንዱር ጆሮዋን ሳይሆን፣ ምንም በማያይበት መሐል ፊት ለፊት አያት።

«አምንሻለሁ» አለ።